በዩኒክስ ሥርዓቶች የሃርድዌር ድራይቨሮችን ማዘመን፦ ከከርነል ዳግም ግንባታ እስከ ተመላሽ ዝማኔ

መግቢያ

የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ከዲስክ፣ ከኔትወርክ ካርድ፣ ከስክሪንና ከመሳሰሉት መሣሪያዎች ጋር የሚገናኘው ድራይቨር በሚባሉ ፕሮግራሞች አማካይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ድራይቨር ከሥርዓቱ የሚመጣለትን አጠቃላይ የማንበብና የመጻፍ ጥያቄ ተቀብሎ መሣሪያው ወደሚያውቀው ዝርዝር ትዕዛዝ ይለውጠዋል። አዲስ ዓይነት ካርድ ሲገዛ፣ በነባሩ ድራይቨር ላይ ስሕተት ሲገኝ ወይም አጥቂ ሊገባበት የሚችል ክፍተት ሲታወቅ ድራይቨሩን ማዘመን ግድ ይሆናል። በዩኒክስና ከዩኒክስ በተወለዱት ወይም አርአያውን በተከተሉት ሥርዓቶች ይህ ሥራ ከ50 ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ የአሠራሩ መንገድም ከሥርዓት ሥርዓት፣ ከዘመን ዘመን እጅግ የተለያየ ነው። ይህ ዳሰሳ ልዩ ልዩ መንገዶቹን በቅደም ተከተል ይመረምራል፤ በመጨረሻም አንድ የድራይቨር አዘማመን ዘዴ መመዘን የሚገባው አዲሱን ለመጫን በሚሰጠው ቅለት ሳይሆን፣ አዲሱ እንቢ ሲል ወደ ነባሩ ለመመለስ በሚሰጠው ዋስትና መሆኑን ያሳያል።

የድራይቨር ቦታ በዩኒክስ ውስጥ

ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ሲሆን፣ ሁለቱ በ1974 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ካስተዋወቋቸው ሐሳቦች አንዱ መሣሪያዎችን እንደ ፋይል የማየት ልማድ ነው። በዚህ ልማድ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ ‹ዴቭ› በተባለው ማኅደር ሥር የራሱ ፋይል አለው፤ ፋይሉ ግን ጽሑፍ ሳይሆን ሁለት ቁጥሮች ብቻ የያዘ ነው። ዋናው ቁጥር ጥያቄው ወደ የትኛው ድራይቨር እንደሚሄድ ሲያመለክት፣ ንዑሱ ቁጥር ደግሞ ያ ድራይቨር ከሚያስተዳድራቸው መሣሪያዎች መካከል የትኛው እንደተፈለገ ይነግረዋል። ተራው ፕሮግራም ስለ መሣሪያው ውስጣዊ አሠራር ምንም ሳያውቅ ፋይል እንደሚከፍት ሁሉ መሣሪያውን ከፍቶ ሊጠቀምበት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ቀላል ገጽታ ከበስተ ጀርባው ከባድ እውነታ አለው። በአብዛኞቹ የዩኒክስ ሥርዓቶች ድራይቨር የሚሠራው በከርነል ውስጥ ነው፤ ከርነል ማለት ማኅደረ ትውስታንና ፕሮሰሰርን ያለ ገደብ የሚያዝ የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ራሱ ብቻ ሲወድቅ፣ ድራይቨር ቢሳሳት ግን የከርነሉን ማኅደረ ትውስታ ሊያበላሽና ‹ፓኒክ› በሚባለው ሁኔታ ሥርዓቱን በሙሉ ሊያቆም ይችላል። በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊነክስንና የኦፕን ቢኤስዲን ከርነሎች በፕሮግራም አማካይነት መርምረው ባቀረቡት ጥናት፣ በድራይቨሮች ውስጥ የሚገኘው የስሕተት መጠን ከቀረው የከርነል ክፍል ከ3 እስከ 7 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አመልክተዋል። ስለዚህ ድራይቨርን ማዘመን በሥርዓቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠውን ክፍል፣ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ በሚጎዳበት ቦታ ላይ መለወጥ ማለት ነው።

የዳግም ግንባታ ዘመን

በመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ እትሞች ድራይቨርና ከርነል የማይነጣጠሉ ነበሩ። የድራይቨሮቹ ዝርዝር በሲ ቋንቋ በተጻፉ ሁለት ሠንጠረዦች ውስጥ ይሰፍር ነበር፤ አንደኛው ዲስክን ለመሰሉ መረጃን በብሎክ ለሚያስተላልፉ መሣሪያዎች፣ ሁለተኛው ተርሚናልን ለመሰሉ መረጃን ፊደል በፊደል ለሚያሳልፉ መሣሪያዎች የተመደበ ነበር። አዲስ ድራይቨር ለመጨመር አስተዳዳሪው ሠንጠረዡን ያርማል፣ ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል፣ ከቀሩት ክፍሎች ጋር አገናኝቶ አዲስ ከርነል ይገነባል፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሳል። የከርነሉን ምንጭ ኮድ ለደንበኛ የማይሰጡ የንግድ ኩባንያዎች በበኩላቸው ኮምፓይል የተደረጉትን ቁርጥራጮች ከማገናኛ መሣሪያ ጋር አብረው ያቀርቡ ስለነበር፣ በኤስሲኦ ዩኒክስ ላይ ድራይቨር መጫን ማለት እነዚያን ቁርጥራጮች ከአዲሱ ድራይቨር ጋር መልሶ ማገናኘት ነበር።

ይህ መንገድ አድካሚ ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ልማድ አውርሷል። አዲሱ ከርነል አልነሳ ቢል ኮምፒውተሩ ጨርሶ ከጥቅም ውጪ እንዳይሆን፣ ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ነባሩን ከርነል በሌላ ስም አስቀምጦ ነበር አዲሱን የሚጭነው፤ አዲሱ ቢከሽፍ በማስነሻው ላይ የነባሩን ስም ጽፎ ሥርዓቱን ያስነሳል። ልማዱ በፍሪቢኤስዲ እስከ ዛሬ መደበኛ አሠራር ሆኖ ይኖራል፦ አዲስ ከርነል ከምንጭ ኮድ ተገንብቶ ሲጫን ነባሩ ‹ከርነል ኦልድ› ወደሚል ማኅደር ይዛወራል፣ ከማስነሻው ዝርዝር ላይም ሊመረጥ ይችላል።

ተጫኝ ሞጁሎች

በ1990ዎቹ ድራይቨር ከከርነሉ ተለይቶ፣ ሥርዓቱ እየሠራ ሳለ የሚገባና የሚወጣ ሞጁል ሆነ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1992 ባወጣው ሶላሪስ 2 ከርነሉን ከትንሽ እምብርት በቀር በሞጁሎች የተገነባ አደረገው፤ ሊነክስም በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ፣ ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ዛሬ የሚጠቀምበትን የሞጁል አሠራር ይዞ በ1998 በወጣው 3.0 እትሙ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ድራይቨር ማዘመን ማለት በአብዛኛው አንድ ፋይል መተካት፣ ነባሩን ሞጁል ማውጣትና አዲሱን ማስገባት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሞጁል መሆኑ ብቻ ዳግም ማስነሳትን አላስቀረም። በሥራ ላይ ያለ ሞጁል ሊወጣ አይችልም፤ ሥርዓቱ ራሱ የሚኖርበትን ዲስክ የሚያስተዳድረው ድራይቨር ደግሞ ከሥራ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። በርቀት የሚተዳደር ሰርቨር የኔትወርክ ድራይቨር ሲወጣም አስተዳዳሪው ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት አብሮ ይቋረጣል። ኦፕን ቢኤስዲ ለደኅንነት ሲል በተቃራኒው መንገድ ሄዶ፣ በ2015 ከወጣው 5.7 እትሙ ጀምሮ ተጫኝ ሞጁሎችን ጨርሶ አስወግዷል። እየሠራ ባለ ከርነል ውስጥ ኮድ ማስገቢያ በር መኖሩ ለአጥቂም በር መክፈት ነው የሚለው አቋም፣ ድራይቨሩ ከሥርዓቱ እትም ጋር አብሮ እንዲዘምን አስገድዷል።

በከርነልና በድራይቨር መካከል ያለው ውል

የዝማኔ ችግሮች ሁሉ ሥር ያለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ዛሬ የተሠራ ድራይቨር ከነገው ከርነል ጋር ይሠራልን? ለዚህ ጥያቄ የዩኒክስ ዓለም ቢያንስ ሦስት መልሶች ሰጥቷል።

የመጀመሪያው የሶላሪስ መልስ ነው። ሰን ድራይቨሮች የሚጠሯቸውን የከርነል ተግባራት በይፋ ዘርዝሮ፣ በዝርዝሩ ብቻ የተወሰነ ድራይቨር በሚቀጥሉት እትሞችም ሳይለወጥ እንዲሠራ ቃል ገባ። በዚህ ውል መሠረት የካርድ አምራች ኩባንያ አንድ ጊዜ የሠራውን ድራይቨር ለብዙ ዓመታት ማቅረብ ይችላል፤ ከርነሉም ድራይቨሩም በየራሳቸው ጊዜ ይዘምናሉ። የውሉ ዋጋ ደግሞ የከርነሉ ጸሐፊዎች ያረጀውን አሠራር እንኳ እንዳሻቸው መለወጥ አለመቻላቸው ነው።

ሁለተኛው የሊነክስ መልስ ነው። የሊነክስ ከርነል ጸሐፊዎች ለድራይቨሮች የሚቀርበው የውስጥ መገናኛ ቋሚ እንዲሆን አይፈቅዱም፤ በምትኩ ድራይቨሩ ወደ ከርነሉ ምንጭ ኮድ ተካትቶ እንዲገባ ይጠይቃሉ፣ መገናኛውን የለወጠ ሰውም የሚነካቸውን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ እንዲያስተካክል ያስገድዳሉ። ለተካተተ ድራይቨር ይህ የተሻለ ጥበቃ ነው፤ ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ውጪ ለቀረ ድራይቨር ግን እያንዳንዱ የከርነል ዝማኔ አዲስ ኮምፓይል ይጠይቃል። ዴል በ2003 ይፋ ያደረገው ዲኬኤምኤስ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ ሲሆን፣ የድራይቨሩን ምንጭ ኮድ በኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና ይገነባል። ለግንባታው የሚያስፈልጉት የከርነሉ ራስጌ ፋይሎች ካልተገኙ ግን ሞጁሉ ሳይገነባ ይቀራል፣ ጉድለቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ዳግም ተነሥቶ ኔትወርኩ ወይም ስክሪኑ እንቢ ሲል ነው።

ሦስተኛው የፍሪቢኤስዲ መካከለኛ መልስ ነው፤ የውስጥ መገናኛው በአንድ ዐቢይ እትም ዘመን በተቻለ መጠን ሳይለወጥ ይቆያል፣ ከዐቢይ እትም ወደ ዐቢይ እትም ግን ሊለወጥ ይችላል። በተግባር እንደሚታየው ከሥርዓቱ ውጪ በጥቅል መልክ የሚቀርቡት የግራፊክስ ድራይቨሮች በንዑስ እትም ሽግግር ጊዜም ከከርነሉ ጋር ሳይጣጣሙ ቀርተው እንደገና መገንባት የሚያስፈልጋቸው ጊዜ አለ።

በሁሉም ዩኒክሶች ላይ አንድ ድራይቨር እንዲሠራ የተሞከረበት አራተኛ መንገድም ነበረ። ኢንቴል፣ ኤስሲኦና ሌሎች ኩባንያዎች የተሳተፉበት ዩዲአይ የተባለ ፕሮጀክት በ1999 የመጀመሪያውን ይፋ ደንብ አወጣ፤ ሆኖም ሥርዓቶቹ በስፋት ስላልተቀበሉት ከሽፏል። የተለያዩ ከርነሎች የጋራ ውል ለመግባት አለመፍቀዳቸው የአዘማመን ዘዴው እስከ ዛሬ የተበታተነ ሆኖ እንዲቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሶላሪስ በቅርበት ሲታይ

የአሠራሩን ዝርዝር ለማየት ሶላሪስ 10 ጥሩ ናሙና ነው። የድራይቨሩ ፋይል በ‹ከርነል› ማኅደር ውስጥ ‹ዲአርቪ› በተባለው ንዑስ ማኅደር ይቀመጣል፤ በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ከዚያም ዝቅ ብሎ ‹ኤኤምዲ64› በተባለው ሥር መግባት አለበት። ፋይሉን በተሳሳተው ማኅደር ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትዕዛዙ በትክክል የተሰጠ ቢመስልም ከርነሉ የሚፈልገውን አያገኝም።

ፋይሉ በቦታው መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ከርነሉ የትኛው ካርድ የየትኛው ድራይቨር እንደሆነ ማወቅ አለበት። እያንዳንዱ የፒሲአይ ካርድ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይወለዳል፤ የኢንቴል የአምራችነት ቁጥር 8086 ነው። ሶላሪስ እነዚህን ቁጥሮች ከድራይቨር ስም ጋር የሚያዛምድ ዝርዝር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይይዛል፤ ለምሳሌ ‹ፒሲአይ8086፣100ኢ› የሚለው መለያ ‹ኢ1000ጂ› ከተባለው የኢንቴል ኔትወርክ ድራይቨር ጋር ተያይዞ ይገኛል። አዲስ ድራይቨር ‹አድ-ዲአርቪ› በተባለው ትዕዛዝ ሲመዘገብ ዋና ቁጥር ይሰጠዋል፣ መለያዎቹም በዝርዝሩ ላይ ይጻፋሉ። ነባሩ ድራይቨር ለአዲሱ ካርድ የሚበቃ ሆኖ መለያው ብቻ ከዝርዝሩ የጎደለ ከሆነ ደግሞ ‹አፕዴት-ዲአርቪ› በሚለው ትዕዛዝ አንድ መስመር መጨመር በቂ ነው። የትኛው ሞጁል ከነእትሙ በከርነል ውስጥ እንዳለ ‹ሞድኢንፎ›፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ድራይቨር እንደተያዘ ‹ፒአርቲኮንፍ› ያሳያሉ።

ከአምራቹ የሚመጣ ዝማኔ ግን በአብዛኛው ፓች በሚባል ጥቅል የሚጫን ነው። የሶላሪስ ፓች ባለ 6 አኃዝ መለያ ቁጥርና ከሰረዝ በኋላ ባለ 2 አኃዝ የእርማት ቁጥር አለው፤ ‹ፓችአድ› የተባለው ትዕዛዝ ፓቹን ሲጭን የሚተካቸውን ነባር ፋይሎች አስቀድሞ ያስቀምጣቸዋል፣ ‹ፓችአርኤም› የተባለውም እነዚያን መልሶ ወደ ቦታቸው ያስገባቸዋል። የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ነባር ፋይሎች እንዳይቀመጡ የሚያዝ አማራጭም አለ፤ በዚህ አማራጭ የተጫነ ፓች ከዚያ በኋላ ሊነሣ አይችልም። ጥቂት ሜጋባይት ለማትረፍ የመመለሻ መንገድን መዝጋት ከሁሉም የከፋ ቁጠባ ነው።

አንድ ሌላ ነጥብ ብዙ አስተዳዳሪዎችን አደናግሯል። ከ2006 ወዲህ በወጡ የሶላሪስ 10 እትሞች የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች የሚነሱት የከርነሉና የአስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ቅጂ ከተጠራቀመበት የማስነሻ መዝገብ ነው። ድራይቨሩ በዲስክ ላይ ተተክቶ መዝገቡ ካልታደሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሳው ነባሩ ድራይቨር ነው። በሥርዓት ሲዘጋ ሶላሪስ መዝገቡን ራሱ ያድሰዋል፤ መብራት በድንገት ከጠፋ ግን መዝገቡና ዲስኩ ስለሚለያዩ ሥርዓቱ ይህን አስተውሎ ለጥገና ሊቆም ይችላል። በሊነክስም ‹ኢኒትራምኤፍኤስ› የተባለው የማስነሻ ምስል ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌሎቹ የንግድ ዩኒክሶች

የአይቢኤም ኤአይኤክስ የመሣሪያዎቹን መረጃ ኦዲኤም በተባለ የመረጃ ቋት ይይዛል፤ በአንድ ወገን ሥርዓቱ ሊያውቃቸው የሚችላቸው የመሣሪያ ዓይነቶች፣ በሌላ ወገን በእውን የተገኙት ይመዘገባሉ። የድራይቨሩ ጥቅል ከተጫነ በኋላ ‹ሲኤፍጂኤምጂአር› የተባለው ትዕዛዝ መሣሪያዎቹን ፈልጎ ከድራይቨሮቻቸው ጋር ያገናኛል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ዝማኔ ሁለት ደረጃ ያለው መሆኑ ነው፦ መጀመሪያ ‹በሥራ ላይ የዋለ› ይሆናል፣ ነባሩም ይቀመጣል፤ አስተዳዳሪው ፈትኖ ሲረካ ብቻ ያጸድቀዋል፣ ካልረካ ውድቅ ያደርገዋል። ጊዜያዊ አጠቃቀምንና ማጽደቅን መለየቱ በንድፍ ደረጃ ለመመለስ ቦታ ከሰጡ ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ያደርገዋል። ኤችፒ-ዩኤክስም ለረጅም ጊዜ ከርነሉን መልሶ በማገናኘት ሲሠራ ቆይቶ፣ በኋላ እትሞቹ ሞጁሎችን በትዕዛዝ ማስገባትና የከርነሉን ውቅሮች በስም እያስቀመጡ መመለስ አስችሏል።

የስም ለውጥና ሌሎች ወጥመዶች

በብዙ ዩኒክሶች የኔትወርክ መገናኛ ስሙን የሚወስደው ከድራይቨሩ ነው። በሶላሪስ 10 ‹ኢ1000ጂ0›፣ በፍሪቢኤስዲ ‹ኢኤም0› የሚሉት ስሞች ድራይቨሩንና የካርዱን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። ስለዚህ ካርዱ ወደ ሌላ ድራይቨር ሲዛወር ስሙም ይለወጣል፤ አይፒ አድራሻው የተጻፈው በነባሩ ስም ከሆነ ሰርቨሩ ያለ አድራሻ ይነሳል። ሶላሪስ 11 ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ‹ኔት0› የመሰሉ ከድራይቨር ነፃ የሆኑ ስሞችን አምጥቷል።

ሌላው ወጥመድ ፈርምዌር ነው፤ ይህም በመሣሪያው ውስጥ በራሱ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። አንዳንድ ድራይቨር ከተወሰነ የፈርምዌር እትም ጋር ብቻ ስለሚስማማ፣ ሁለቱ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መዘመን አለባቸው። በካርዱ ላይ በቋሚነት የሚጻፍ ፈርምዌር በጽሕፈቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ካርዱን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ስለሚችል፣ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች መብራት በሚቆራረጥባቸው ቦታዎች ሰርቨሩ ከዩፒኤስ ጋር ሳይገናኝ እንዲህ ያለውን ዝማኔ መጀመር ፈጽሞ አይገባም።

ገና ሥርዓቱ ሳይጫን የሚገጥም ችግርም አለ፦ መጫኛው የዲስኩን መቆጣጠሪያ ካላወቀ የሚጭንበትን ዲስክ አያይም፣ ድራይቨሩን ደግሞ ሥርዓቱ ሳይጫን መጫን አይቻልም። ሶላሪስ ይህን በመጫኛ ጊዜ ዝማኔ፣ ሬድ ሃት ሊነክስም በድራይቨር ዲስክ ፈትተውታል፤ በሁለቱም ድራይቨሩ ከፍሎፒ፣ ከሲዲ ወይም ከሌላ ማከማቻ ተነብቦ መጀመሪያ መጫኛውን ያገለግላል፣ ቀጥሎም በተጫነው ሥርዓት ላይ ይቀመጣል። የማረጋገጫ ፊርማም መታሰብ አለበት፤ ሴኪዩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ በበራባቸው ብዙ የሊነክስ ሥርጭቶች ላይ ከርነሉ በሚታመን ቁልፍ ያልተፈረመ ሞጁል አይቀበልም።

ከከርነል ውጪ የሚሠሩ ድራይቨሮችና ተመላሽ ሥርዓቶች

የተበላሸ ዝማኔ ሥርዓቱን የሚያቆምበትን ችግር ከሥሩ ለመንቀል ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ድራይቨሩን ከከርነል ማውጣት ነው። በ2005 በአንድሪው ታነንባም ቡድን የወጣው ሚኒክስ 3 ድራይቨሮችን እንደ ተራ ፕሮግራም ያሠራል፤ አንዱ ቢወድቅ ሥርዓቱ ሳይቆም ድራይቨሩ ብቻ እንደገና እንዲነሳ ይደረጋል። በ2007 የዩኒክስ ማረጋገጫ ያገኘው የአፕል ማክኦኤስም በ2019 ድራይቨርኪት የተባለውን አሠራር አምጥቶ፣ የውጭ አምራቾችን ድራይቨሮች ደረጃ በደረጃ ከከርነሉ ማስወጣት ጀምሯል።

ሁለተኛው መንገድ መላ ሥርዓቱን ተመላሽ ማድረግ ነው። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት የአንድን ሥርዓት ቅጂ በቅጽበት፣ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም ማለት በሚቻል መጠን ያዘጋጃል፤ ቦታ የሚወስደው በቅጂውና በነባሩ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ብቻ ነው። በ2011 የወጣው ሶላሪስ 11 በዚህ ላይ ተመሥርቶ ትላልቅ ዝማኔዎችን የማስነሻ አካባቢ በሚባል አዲስ የሥርዓቱ ቅጂ ላይ ይጭናል፤ ነባሩ አካባቢ ሳይነካ ይቆያል። አዲሱ ድራይቨር ካልሠራ በማስነሻው ላይ ነባሩን መምረጥ ብቻ ያስፈልጋል። በ2018 የወጣው ፍሪቢኤስዲ 12ም ‹ቢኢሲቲኤል› በተባለ ትዕዛዝ ይህንኑ ከመሠረታዊ ሥርዓቱ ጋር አካቷል። በእነዚህ ሥርዓቶች መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዳሰሱት መንገዶች ሲመዘን፣ የሶላሪስ ቋሚ ውል ለአምራቹ፣ የሊነክስ የማካተት ሕግ ለድራይቨሩ ዕድሜ፣ የኦፕን ቢኤስዲ እገዳ ለደኅንነት የተሻሉ ናቸው፤ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ባለሙያ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የማስነሻ አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ በየትኛውም ውል ቢጻፍ ሥርዓቱን ወደ ትናንት መመለስ የሚያስችለው እርሱ ነው። ይህ በማይገኝበት ሥርዓት ላይም ሥራው በሥርዓት ሊከናወን ይችላል። ከዝማኔው በፊት ነባሩ የድራይቨር እትም፣ የካርዱ መለያና የኔትወርኩ ውቅር ይመዝገቡ፤ ባክአፕ ይወሰድ፤ ነባሩ ከርነል ወይም ፓች የሚመለስበት ትዕዛዝ አስቀድሞ ይሞከር፤ ዝማኔው መጀመሪያ ተመሳሳይ በሆነ የሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይጫን፤ ከርቀት የሚሠራ ባለሙያም ኔትወርኩ ቢቋረጥ ሰርቨሩን የሚደርስበት ሌላ የኮንሶል መንገድ ያዘጋጅ። መመለሻው ያልታወቀ ዝማኔ እስኪታወቅ ድረስ መጫን የለበትም።